«ጠላ እህል ነው»

በየሰፈሩ ሐኪም የሚያርም ሰው አይጠፋም። ሐኪሙ ስንት ዓመት ተምሮ የጻፈውን ማዘዣ እሱ ከሆስፒታሉ በር እስከ ቤቱ ደጃፍ ባለው መንገድ ላይ ፈትቶ፣ ተርጉሞ፣ አሻሽሎ ይጨርሰዋል። «ከምግብ በኋላ» ከተባለ ከምግብ በፊት ይውጣል። «ዕረፍት ያድርጉ» ከተባለ ገበያ ይወጣል። እስኪያልቅ እንዲውጠው የተሰጠውን መድኃኒት ገና ሳያጋምስ «ተሽሎኛል» ይልና የቀረውን ወገቡን ላመመው ጎረቤት ያድላል። ይህን ሰው እናንተም ታውቁታላችሁ፤ ምናልባትም አጎታችሁ ነው። የእኛ ሰፈሩ ግን ከሁሉም ይበልጣል። ለዚህ ነገር ውድድር ቢኖር ዋንጫውን የሚወስደው እሱ ነው፤ ዋንጫውንም ያለ ጥርጥር ጠላ ይሞላበታል።

ክቡርነታቸው አያ ደግሰው ይባላሉ። የላሊበላን ቤተ ክርስቲያኖች ለእንግዳ ሲያስረዱ ጸጉራቸው የሸበተ አስጎብኚ ናቸው። ከዚያ በፊት ገነተ ማርያም ቅኔ ተምረዋል፤ ትርጓሜ ቤትም ደጃፉን ረግጠው ተመልሰዋል። ትርጓሜ ቤት አንድ ቃል በአንድ ፍቺ ብቻ አይለቀቅም፤ «አንድም» እየተባለ ሌላ ፍቺ ይታከልበታል። አያ ደግሰው ትምህርቱን አልጨረሱትም፣ «አንድም»ን ግን ይዘዋት ወጡ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ስልኩ ኔትወርክ፣ ስለ ጎረቤት ጠብ፣ ለሁሉም ሦስት ሦስት ፍቺ አላቸው። አንድ ቀን መብራት ለምን እንደጠፋ ሲያስረዱኝ መብራቱ መጣ። እሳቸው ግን ገና ሁለተኛው «አንድም» ላይ ስለነበሩ አላቆሙም።

ማስረዳት ያቃታቸው አንድ ነገር ብቻ ነው። የመጨረሻ ልጃቸው ኢያቄም በጦርነቱ ጊዜ «መጣሁ» ብሎ ከቤት ወጥቶ አልተመለሰም። ሞተ ብሎ ያረዳቸው የለም፤ አየሁት ያለም የለም። ስለዚህ ድንኳን አልተጣለም፣ ተዝካርም አልወጣም። የደረሰበት ያልታወቀ ሰው አይለቀስለትም። ከዚያ ወዲህ ባለቤታቸው እትዬ ገለቴ በሩን ከውስጥ መቀርቀር ተዉ። አያ ደግሰው ደግሞ መተኛት ተዉ።

እንቅልፍ አጥተው ዓይናቸው የበርበሬ ዛላ ሲመስል፣ ጎረቤትም ወዳጅም ነኝና ለምኜ ሆስፒታል ወሰድኳቸው። ያየቻቸው ዶክተር ሰብሌ እዚሁ ያደገች፣ እኔው ያስተማርኳት ልጅ ናት። በጥሞና አዳመጠቻቸው፣ የእንቅልፍ ክኒን አዘዘችላቸው፣ ከዚያም ወንበሯን ወደ እሳቸው ሳብ አድርጋ ቀስ ብላ ነገረቻቸው።

«አያ ደግሰው፣ ከዚህ ክኒን ጋር መጠጥ የሚባል ነገር እንዳይቀምሱ። ክኒኑም ያደነዝዛል፣ መጠጡም ያደነዝዛል። ሲደራረቡ እንቅልፍ ብቻ አይደለም የሚያመጡት፤ ሰው ተኝቶ ሳለ ትንፋሹ ይቆማል። ገብቶዎታል?»

«በደንብ እንጂ፣ ልጄ። እግዜር ይስጥልኝ» አሉ፤ ከመቀመጫቸውም ብድግ ብለው መረቋት።

ከሆስፒታሉ ግቢ ሳንወጣ ትርጓሜው ተጀመረ።

«‹መጠጥ› ያለችው አረቄን ነው» አሉኝ። «አንድም፣ ቢራን ነው። አንድም፣ በባዶ ሆድ አይጠጡ ማለቷ ነው።»

«ጠላስ?»

ቆም ብለው አዘኑልኝ። «ጠላ ምንድን ነው? የፍላቂት ገብስ፣ ጌሾና ውኃ። ከሦስቱ የትኛው ነው ሰው የሚገድለው? ጠላ እህል ነው፤ አብሽር፣ መምህር።»

«አብሽር» ለእኛ ለወሎዎች አይዞህ ማለት ነው። ከአያ ደግሰው አፍ ሲወጣ ግን «ክርክሩ ተዘግቷል» ማለት ነው።

እንዲህ ተጀመረ። ማታ ማታ በአንድ እጃቸው ክኒኗን፣ በሌላው እጃቸው ዋንጫቸውን ይይዛሉ። ለምን በውኃ እንደማይውጧት ስጠይቃቸው፣ ውኃው ከየት ምንጭ እንደመጣ አይታወቅም፣ ጠላው ግን የገለቴ ጥንስስ ነው ብለው አስረዱኝ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንቅልፉ መጣላቸው። ጠዋት ጠዋት ደጃፍ ላይ ቁጭ ብለው ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ ድል አድርገው እንደተመለሱ ሰው ያወራሉ። «ሐኪም ግማሹን ታውቃለች፤ ግማሹን እኛ እንሞላለን» ይላሉ። ውለው አድረው አንደበታቸው ጎተት ማለት ያዘ። ቀን ቀን ወሬ ጀምረው መሐል ላይ ይጠፋባቸዋል። ደረጃ ሲወርዱ ግድግዳ ይይዛሉ። ይህንንም ይፈቱታል፤ አንዴ የመነጽራቸው ጥፋት ነው፣ አንዴ የጫማቸው።

እትዬ ገለቴ ጠላ መጥመቅ አቆሙ። ጋናቸውን አጥበው ደጅ ደፉት። የሰፈሩ ሴቶችም ጉድ አሉ፤ የገለቴ ጋን ተደፍቶ ያየ ሰው አልነበረም። አያ ደግሰው ግን አልተቆጡም፣ ነጠላቸውን ለብሰው ወጡ። እኛ አገር ወሩ ሠላሳ ቀን ነው፣ ሠላሳውም ቀን የቅዱስ ስም አለው፣ ቅዱሱም በአንዱ ቤት ማኅበር አለው፣ ማኅበሩም ጽዋ አለው። ጽዋ ደግሞ እምቢ አይባልም። የቀረውን ክርስትናና ሰርግ ይሞላዋል። «ለአያ ደግሰው አትቅዱ» ብለን ቤት ለቤት ዞረን ለመንን። ሁሉም እሺ አለ፤ ሁሉም ቀዳ። ደጃፉ ድረስ ለመጣ ሽማግሌ ያልቀዳ ሰው ስስታም ይባላል። ስስታም ከመባል ደግሞ ሰው መግደል የሚቀል ይመስላል፤ ያውም ገዳዩ ማን እንደሆነ በማይታወቅበት፣ እያንዳንዱ አንዳንድ ዋንጫ ብቻ ባዋጣበት ግድያ።

ተስፋ ስንቆርጥ የንስሐ አባታቸውን ቄስ ተክለ ሚካኤልን ለመንናቸው። ቄሱ መጡ፣ ተቀመጡ፣ መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ።

«ደግሰው፣ ልጄ፣ አንዱን ተው። ወይ ክኒኑን፣ ወይ ጠላውን።»

«አባቴ፣ ጠላ መጠጥ ቢሆን በጾም ይፈቀድ ነበር? ዐቢይ ጾምን ሙሉ በጠላ ስንጾም ኖረን ምን ሆንን?»

«ያኔ ክኒን አልዋጥንም።»

«ክኒኑስ ጾም ያፈርሳል እንዴ?»

«አያፈርስም።»

«ጠላውም አያፈርስም። ሁለት የማያፈርሱ ነገሮች ቢገናኙ ምን ያፈርሳሉ?»

ቄሱ መስቀላቸውን አነሡ። «አንተን ነዋ የሚያፈርሱት» አሉና ተነሥተው ሄዱ። አያ ደግሰው እስከ በር ሸኟቸው። ሲመለሱ ቄሱ ጥሩ ሰው እንደሆኑ፣ ነገር ግን ትርጓሜ እንዳልገፉ ነገሩኝ።

በዚህ መሐል ለከተማችን ጥቂት ተስፋ መጣ። ጠፍተው የከረሙት እንግዶች ለገና አንድ ሁለት እያሉ ብቅ ማለት ጀመሩ። የአስጎብኚዎችን ተራ የሚያስጠብቀው ከፋለ፣ በአያ ደግሰው እጅ ሥራ የለመደ ሰው በመሆኑ፣ የመጀመሪያዎቹን እንግዶች ለእሳቸው ሰጠ። አያ ደግሰው ኮታቸውን አስተኮሱ። ቤተ መድኃኔ ዓለም ገብተው ስለ ዓምዶቹ ማስረዳት ጀመሩ፤ ሁለተኛው ፍቺ ላይ ሲደርሱ ግንባራቸውን ዓምዱ ላይ አስደገፉና እንደቆሙ እንቅልፍ ወሰዳቸው። እንግዶቹ ጸሎት መሰላቸው። ኮፍያቸውን አውልቀው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ ትንፋሽ ሳያሰሙ ጠበቁ። በመጨረሻም አንዷ እንባዋን ጠረገች አሉ።

«ዕድሜ ልኬን እየተናገርኩ ያላገኘሁትን አክብሮት ተኝቼ አገኘሁት» ብለው ሲነግሩኝ ሳቅሁ። ዛሬ ያ ሳቅ ያንቀኛል። ጥቂት ቀን ቆይቶ እንግዶችን ይዘው ወደ አሸተን ማርያም ሲወጡ፣ መንገዱ በጠበበበት ገደል አፋፍ ላይ ዐረፍ እንበል ብለው ተቀመጡ፤ ተቀምጠውም ወደ ገደሉ አዘነበሉ። ከኋላቸው የነበረ መነኩሴ በነጠላቸው ጫፍ ያዛቸው። ከዚያ በኋላ ከፋለ ተራቸው ሲደርስ ስማቸውን መጥራት አቆመ። ሊነግራቸው ግን አልደፈረም። እሳቸውም በየጠዋቱ የተተኮሰ ኮታቸውን ለብሰው ቲኬት ቢሮው ደጃፍ ይቆማሉ፤ እኩለ ቀን ላይ ወደ ቤት ይመለሳሉ።

ጥምቀት መጣ። ሦስት ቀን ሙሉ ከተማው ዘፈነ፣ አያ ደግሰውም ዓይናቸውን ሳይከድኑ ከረሙ። እንቅልፉ ሳይመለስላቸው ሳምንት አልፎ አስተርእዮ ማርያም መጣችና ገነተ ማርያም ዘመድ ቤት ዝክር ሄዱ። ጠላው ቀረበ፣ ከጠላው በኋላ አረቄው ቀረበ። እንደሰማሁት ከሆነ አረቄውን ሲቀበሉ «ይህ ለሆድ መድኃኒት ነው፤ መድኃኒት ከመድኃኒት አይጣላም» ብለዋል። ከሰዓት በኋላ በሰው መኪና ተመልሰው፣ ዛሬስ ልተኛ ብለው ክኒኑን ደርበው ዋጡና መደቡ ላይ ተጋደሙ።

ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ እትዬ ገለቴ ግቢዬ ገቡ። አልሮጡም፣ አልጮሁም። «መምህር፣ ደግሰው አልነቃ አለኝ» አሉ።

ሄድኩ። አያ ደግሰው በጀርባቸው ተንጋለው ያንኮራፋሉ። ማንኮራፋት ግን አልነበረም፤ ውኃ ውስጥ ያለ ሰው የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ ነው። ድምፁ ይቆማል፤ ቆሞ ይቆያል፤ መጨረሻው ነው ስል እንደገና ይጎተታል። ከንፈራቸው ጠቁሯል። በስማቸው ጠራኋቸው፣ ደረታቸውን ቆነጠጥኩ፣ ፊታቸውን መታሁ። እኒያ ለአንዲት ቃል ሦስት መልስ ያላቸው ሰው አንድም አልመለሱልኝም። ባጃጅ ተጠርቶ በሁለት ሰው ተሸክመን አስገባናቸው። ጭንቅላታቸውን ጭኔ ላይ አድርጌ ወደ ጎን አዘነበልኩት፤ የኮብልስቶኑ ንጣፍ ባንገጫገጨን ቁጥር «ይተንፍሱ፣ አያ ደግሰው፣ ይተንፍሱ» እላለሁ። ያን ሁሉ ጊዜ ዝም በሉ ስላቸው የኖርኩ ሰው ያን ቀን አንድ ቃል እንዲናገሩኝ ለመንኩ።

ዶክተር ሰብሌ ኦክስጅን አደረገችላቸው፣ መርፌ ወጋቻቸው፣ ካጠገባቸው ሳትለይ አመሸች። ወደ እኛ ስትወጣ ፊቷ ነጭ ጨርቅ መስሏል። «ትንሽ ቢዘገዩ ኖሮ» አለችና የቀረውን ተወችው። እትዬ ገለቴ ኮሪደሩ ላይ መሬት ተቀምጠው ነበር። «ለልጄ ሳላለቅስ ለዚህኛው ላልቅስ ነው እንዴ የፈረደብኝ?» አሉ፤ ለእኔም ለማንም አልነበረም የተናገሩት።

በማግስቱ ጠዋት አያ ደግሰው ነቁ። ትርጓሜውን ጠበቅሁ። ክኒኑ የተበላሸ ነው ይላሉ፣ አንድም አረቄው ንጹሕ አልነበረም ይላሉ ብዬ ተዘጋጅቻለሁ። እሳቸው ግን «ገለቴ የለችም?» አሉኝ።

«ቤት ደርሰው ሊመለሱ ነው።»

«እንግዲያ አንተ ስማኝ። ክኒኗ ታስተኛለች፤ አልዋሽም፣ ጥሩ ክኒን ናት። ግን ወዲያው አትይዝም። ከዋጥኳት በኋላ ዝም ብዬ የምጋደምባት ጊዜ አለች። እሷን ነው የማልችላት።»

«ምን ይሆናሉ?»

«በሩን እሰማዋለሁ። ገለቴ እንደማትቀረቅረው ታውቃለህ። ነፋስ ሲነካው ሲጥ ይላል። ሲጥ ባለ ቁጥር መጣ እላለሁ። አልመጣም። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ሲጥ ይላል። ቀርቅሪው እንዳልላት እናት ናት። ጠላው ለእንቅልፍ አይደለም፣ ለጆሮዬ ነው። እስክተኛ ድረስ እንዳልሰማ ነው።»

ወደለመድነው ጨዋታ ልመልሳቸው ብዬ ይሁን በድንጋጤ እንጃ፣ «አንድምስ?» አልኳቸው።

«ይህ አንድም የለውም» አሉ፤ ፊታቸውንም ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ከሆስፒታል ሲወጡ ቄስ ተክለ ሚካኤል ጠላም አረቄም እንዳይቀምሱ ገዘቷቸው። አያ ደግሰው መስቀል ስመው እሺ አሉ። ክኒኑን እትዬ ገለቴ መቀነታቸው ውስጥ ቋጥረው እየያዙ በየማታው አንዷን ብቻ ይሰጣሉ። በሩን ለመቀርቀር ግን እሺ አላሉም፤ የጠየቃቸውም የለም። እኔ ማጠፊያዎቹን ዘይት ቀባኋቸው። ሲጥታው ቆመ። አያ ደግሰው ግን አሁን ጨርሶ እንዳልተኙ ነገሩኝ፤ በሩ ድምፅ ካላሰማ ልጁ ሲገባ በምን ያውቃሉ?

ዝምተኛም ሆኑ። መብራት ሲጠፋ ለምን እንደጠፋ አይናገሩም። ዝናብ ሲዘገይ ሰማዩን አይተው ይተዉታል። ሰፈሩ ጭር አለ። እትዬ ገለቴ አንድ ቀን ቡና ቁርስ ይዘውልኝ መጥተው፣ ሳህኑን ሳያስቀምጡ እንደቆሙ፣ «መምህር፣ እንዲህ ተቀምጦ ከሚያየኝ ቢጠጣ ይሻለኛል ልል ነው። እግዜር ይቅር ይበለኝ» አሉኝ። እኔም አስቤው ስለነበር ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም።

ዶክተር ሰብሌ፣ ከእንቅልፉ ሥር ያለውን ሐዘን የሚያነጋግራቸው ሐኪም ያስፈልጋቸዋል ብላ ወደ ደሴ ላከቻቸው። እትዬ ገለቴ «ቤቱን ለማን ትቼ?» አሉ፤ ልጃቸው ቢመለስ ባዶ ቤት እንዲጠብቀው እንደማይፈልጉ ገብቶኛል። ስለዚህ እኔ ከትምህርት ቤት ፈቃድ ጠይቄ ሚኒባስ ላይ አብሬያቸው ተሳፈርኩ።

እስከ ጋሸና ድረስ በመስኮት እያዩ አንድ ቃል አልተናገሩም። ጋሸና ላይ ሾፌሩ ለምሳ አቆመ። አያ ደግሰው «ውኃ ሽንት» ብለው ከምግብ ቤቱ ጓሮ ዞሩ። ቆዩ። ልነሣ ስል ነጠላቸውን እያስተካከሉ መጡና ከጎኔ ተቀመጡ።

መኪናው ሲነሣ ወደ እኔ ዞር አሉ። «ጋሸና ለምን ይህን ያህል እንደሚበርድ ታውቃለህ?» አሉኝ።

ከሆስፒታሉ ወዲህ የሰማሁት የመጀመሪያው ትርጓሜ ነበር። «አላውቅም» አልኩ፤ ልቤ በደስታ ዘለለች። ስለ ነፋሱ ነገሩኝ። አንድም ስለ ከፍታው ነገሩኝ። አንድም ብለው ሦስተኛውን ሲጀምሩ ድምፃቸው ተጎተተና ጭንቅላታቸው ትከሻዬ ላይ ወደቀ።

ተኙ። በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው በሞላበት መኪና ውስጥ እንደ ሕፃን ተኙ። አንገቴን ዝቅ አድርጌ ትንፋሻቸውን አሸተትኩ። አረቄ ነው።

ልቀሰቅሳቸው አሰብኩ፤ ቀስቅሼ ምን ልላቸው? ግዝቱን ላስታውሳቸው? ዶክተሯ ያለችውን ልድገምላቸው? ክኒኑ ከትናንት ማታ ጀምሮ በደማቸው ውስጥ እንዳለ እሳቸውም ያውቃሉ፤ ሁሉንም ያውቃሉ። ከእኔ ማስረዳት የሚጎድላቸው ነገር የለም። ጭንቅላታቸውን ቀና አድርጌ አገጫቸው ደረታቸውን እንዳይነካ በክንዴ ደገፍኩት።

ዶሮ ታቅፋ ከፊታችን የተቀመጠች ሴት ዞራ አየችን። «አባትህ ናቸው?» አለችኝ።

«አዎ» አልኳት።

«ታድለው፤ እንቅልፍ አላቸው።»

መኪናው የድልብን ቁልቁለት መውረድ ጀመረ። በየመታጠፊያው ሰውነታቸው ወደ እኔ ይከብዳል። ክንዴ ደነዘዘ። እስከ ወልድያ ድረስ ሌላኛውን እጄን ከአፍንጫቸው ሥር አላነሣሁም፤ ትንፋሻቸው መዳፌን ሲያሞቀው እኔም እተነፍሳለሁ፣ ሲዘገይ እኔም እጠብቃለሁ።